ደመወዝ ሲቆም ኑሮ እንዳይወድቅ፦ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው መምህር ጥያቄ

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች። በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥቅምት 2020 ላይ ስልሳ ዓመት ስለሚሞላኝ በዚያው ወር መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ የአገልግሎት ዘመኔ 34 ዓመት ይሆናል። ያልተጣራ ደመወዜ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 16,200 ብር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ወራት 9,400 ብር፣ ከዚያም በፊት 7,700 ብር ነበር።

ባለቤቴ ደመወዝተኛ ሆና አታውቅም። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለጎረቤትና ለደንበኛ ትሸጣለች፤ ገቢው ግን ጾም ሲገባና በዓል ሲደርስ ከፍ፣ በሌላው ጊዜ ዝቅ ይላል። ከሦስቱ ልጆቻችን ሁለቱ ራሳቸውን የቻሉ ሲሆን የመጨረሻዋ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቤቱ የራሳችን ነው። በቁጠባና ብድር ማህበራችን ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምኩት 380,000 ብር ያህል አለኝ። አሜሪካ የምትኖር እህቴም ለበዓልና ለልጆቹ የትምህርት ወጪ አልፎ አልፎ ትልክልናለች።

የሚያስጨንቀኝ ረሃብ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር እንደ እስካሁኑ መኖር እንዳያቅተኝ ነው፤ ማለትም የእድር ክፍያ ሳላስተጓጉል፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ እጄ ሳያጥር፣ ልጄን ሳትመረቅ ከትምህርት ሳላስቀር፣ የደም ግፊት መድኃኒቴንም ሳላቋርጥ መኖር። ባልደረቦቼ የሚሰጡኝ ምክር የተለያየ ነው፦ አንዱ ባጃጅ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው የባንክ አክሲዮን ይሻላል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በጊቢህ ሁለት ክፍል ሠርተህ አከራይ ይላል። ሁለቱን ክፍል ለመሥራት 300,000 ብር ገደማ እንደሚፈጅ ግንበኛ ነግሮኛል። አበሌ ስንት እንደሚሆን እንኳን በትክክል አላውቅም፤ አንዳንዱ የደመወዝህ ግማሽ ነው ሲለኝ ሌላው ሰባ በመቶ ነው ይለኛል። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ምን ላድርግ?

የቀድሞ የሰው ሀብት ባለሙያ፦

መምህር፣ ከሁሉ በፊት የአበልዎን መጠን እናስላ፤ ሌላው ውሳኔ ሁሉ በእሱ ላይ የሚቆም ነውና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማህደር ይዤ ለብዙ ዓመታት ስሠራ ካየኋቸው ተሰናባቾች አብዛኞቹ አበላቸውን ያወቁት የመጀመሪያውን ክፍያ ባንክ ገብቶ ሲያገኙት ነበር፤ ይህ ሊሆን አይገባውም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው፤ ሰባ ለመድረስ ግን 42 ዓመት ማገልገል ስለሚጠይቅ ባልደረባዎ ያሉት ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነው። የእርስዎ 34 ዓመት ሲሰላ 30 በመቶ ላይ 24 ጊዜ 1.25፣ ማለትም ሌላ 30 በመቶ ተደምሮ 60 በመቶ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ስልሳ በመቶው የሚሰላው በመጨረሻው ወር ደመወዝ ላይ ሳይሆን ከጡረታ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ የመስከረሙ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ አይደርስዎትም። ከኅዳር 2017 እስከ ነሐሴ 2017 ያሉት 10 ወራት በ9,400 ብር፣ ከመስከረም 2018 እስከ ጥቅምት 2020 ያሉት 26 ወራት በ16,200 ብር ሲታሰቡ ድምሩ 515,200 ብር፣ የወሩ አማካይ 14,311 ብር ይሆናል። የዚህ 60 በመቶ 8,587 ብር ገደማ ነው። በመካከሉ ሌላ ጭማሪ ካለ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ይህ ከ16,200 ብር አጠገብ ሲቀመጥ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ማወዳደር ያለብዎት ዛሬ በእጅዎ ከሚገባው ገንዘብ ጋር ነው። ከደመወዝዎ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,134 ብር፣ በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት ደግሞ 3,620 ብር ይቀነሳል፤ ሌላ ተቀናሽ ሳይቆጠር እጅዎ የሚገባው 11,446 ብር ነው። የጡረታ አበል ግብርም መዋጮም የለበትም። ስለዚህ ቤትዎ የሚገባው ገንዘብ ወደ ግማሽ አይወርድም፤ ከአሁኑ ሦስት አራተኛው ይቀርልዎታል። ከሥራ ጋር የሚቀሩ ወጪዎችም ይኖራሉ፤ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ በትምህርት ቤቱ ስም የሚዋጣው ሁሉ።

በዚህ ላይ ተመሥርቼ የምመክርዎ አንድ ነገር አለ፤ በእኔ እምነት ከባጃጁም ከአክሲዮኑም ይቀድማል። ከዚህ ወር ጀምሮ ቤተሰቡ በ8,587 ብር እንዲኖር ያድርጉ። ልዩነቱን 2,859 ብር ደመወዝ በገባበት ዕለት ወደ ቁጠባ ማህበሩ ያስገቡ። በ24 ወራት ውስጥ ወደ 68,600 ብር ይሆናል፤ ከገንዘቡ የሚበልጠው ጥቅም ግን የትኛው ወጪ እንደሚያፍን፣ የትኛው ሳይጎዳ እንደሚቀነስ ደመወዝ እያለዎት ማወቅዎ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መማር ዕዳ ያስከትላል።

ባለቤትዎን በሚመለከት፦ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎና፣ እርስዎ ቢቀድሙ እሳቸው በተተኪነት የሚያገኙት የአበልዎን 50 በመቶ ነው። በእርስዎ ስሌት 4,300 ብር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ እቅድዎ «ሁለታችን በ8,587 እንዴት እንኑር» በሚለው ብቻ መቆም የለበትም፤ «እሷ ብቻዋን በ4,300 እንዴት ትኑር» የሚለውንም መመለስ አለበት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላችሁ አሁኑኑ ከማዘጋጃ ቤት አውጡ፤ በሐዘን ሰሞን በሰው ምስክር ጋብቻ ለማስረዳት ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያህል እንደሚያደክም አይቻለሁ። ደግሞም በማህደርዎ ያለውን የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ የቅጥር ደብዳቤና የዝውውር ደብዳቤዎች በገዛ ዓይንዎ ይመልከቱ። የስም ፊደል፣ የትውልድ ዘመን፣ የአገልግሎት መቋረጥ ካለ፣ ሁሉንም።

ጡረተኛ ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦

መምህር፣ የወንድሜ ስሌት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ከስሌቱ በኋላ ያለውን ኑሮ ልንገርዎ። በ2011 ጡረታ ስወጣ አበሌ 3,200 ብር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ጥቂት ይተርፈው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ማስተካከያ ተደርጎበት እንኳን ግማሽ ኩንታል አይሞላም ነበር። አበል በየዓመቱ ገበያውን ተከትሎ በራሱ የሚያድግ አይደለም፤ መንግሥት ማስተካከያ ሲወስን ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ በሁለት ማስተካከያ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸከመው ጡረተኛው ነው። 8,587 ብር ዛሬ የሚገዛውን በ2025 ይገዛል ብለው አይቁጠሩ።

ስህተቴን ልንገርዎ። 150,000 ብር ነበረኝ፤ ገንዘቡ እንዳይጠፋ ብዬ በ7 በመቶ ወለድ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስቀመጥኩት። በዓመት 10,500 ብር ወለድ ይታሰብልኝ ስለነበር ጥሩ ያደረግሁ መሰለኝ። በ2014 የዋጋ ንረቱ በአገር ደረጃ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ገንዘቤ በደብተሩ ላይ እያደገ በገበያ ግን እየቀለጠ እንደነበር ገባኝ። ማንም አልወሰደብኝም፤ ሳላስተውለው ጠፋ። ስለዚህ የዘላለም ገንዘብዎን ሁሉ በቁጠባ ደብተር አያኑሩ፤ ለድንገተኛ ሕመምና ለቀብር የሚሆን የስድስት ወር ወጪ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የታደገኝ ትልቅ ንግድ አይደለም። ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍል አከራየሁ፤ ኪራዩ ባይበዛም ገበያ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ብቸኛው ገቢዬ እሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእቁብ ዕጣዬን ሁልጊዜ ጥር ላይ እንዲደርሰኝ መጠየቅ ጀመርኩ። አብረውኝ ያሉት ስለሚያውቁኝ ይፈቅዱልኛል። አዝመራ ተወቅቶ ጤፉና ሽንብራው ገበያ በሚበዛበት ጊዜ የዓመቱን እህል ገዝቼ ጎተራዬን ስሞላ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰው በውድ ሲሸምት እኔ ከቤቴ አወጣለሁ። ደመወዝተኛ እያለሁ በወር በወሩ አስቤዛ መግዛት ልማዴ ነበር፤ ጡረታ ላይ ይህ ልማድ በጣም እንደሚያስከፍል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለቤትዎ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ ስለሆነ ይህ ለእርስዎ ድርብ ጥቅም አለው። ጥሬ እቃውን በወቅቱ የሚገዙበት ገንዘብ ቢኖራቸው ትርፋቸው በሌላ ሰው እጅ አይቀርም ነበር። ካለዎት ቁጠባ ውስጥ 40 ወይም 50 ሺህ ብር ለእሳቸው ሥራ ቢያውሉ ከማንኛውም አክሲዮን ቶሎ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውን ያውቁታል፣ ደንበኛ አላቸው፣ ዕድሜያቸውም ለጡረታ አያስገድዳቸውም።

ሕመምን በተመለከተ፣ የግፊት መድኃኒት በየወሩ የማይቀር ወጪ ስለሆነ እንደ ቤት ኪራይ ቆጥረው ይመድቡት። በመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ዋጋው ይቀላል፤ ባይገኝ እንኳን ተመላልሶ መጠየቅ ይሻላል። ባለቤትዎ የግል ሥራ ስለሚሠሩ ወደ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መግባት ትችሉ እንደሆነም ከቀበሌ ይጠይቁ። ባጃጁን ግን ይተዉት። መኪና ራሱ እያረጀ ነው የሚያበላው፤ ሹፌር ካልሆኑ ደግሞ ሰው እጅ ላይ የተጣለ ገንዘብ ነው።

የባንክ ባለሙያ፦

ስለ አክሲዮን ስለተነሳ ጥቂት ልጨምር። የባንክ አክሲዮን መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ትርፍ ድርሻው የሚታወቀው በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ ነው፤ በየወሩ ለሚፈለግ የቤት ወጪ አይሆንም። ከዚህም በላይ ገንዘብ ሲያስፈልግዎ በቶሎ መሸጥ ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ፣ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፤ ግን ገበያው ገና ለጋ ስለሆነ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጥሪቱን ሁሉ አያስገባበትም። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ በ300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ወደፊት እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ በ10,000 ብር ገደማ መሳተፍ ምንም አይጎዳዎትም። ከዚያ በላይ አልመክርም።

ስለ ክፍሎቹ ከነርሷ ጋር እስማማለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ ብር የያዘ ሰው በአንድ ክረምት የደረሰበትን ሁላችንም አይተናል። ቤት ግን ከዋጋው ጋር ይሄዳል። ይሁን እንጂ ከ380,000 ብር 300,000ውን አንድ ጊዜ አያውጡ። የግንባታ ፈቃድ አውጥተው መጀመሪያ አንዱን ክፍልና መጸዳጃውን ይጨርሱ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ኪራይ ያስከትሉ። በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅም ያንብቡት። በሚተገበርባቸው ከተሞች ውሉ ከሁለት ዓመት ያላነሰ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ያልበለጠ መሆን አለበት፣ ጭማሪም እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪራይ ሲወስኑ ሁለት ዓመት ወደፊት ማየት ይገባዎታል። ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት፣ ግብሩንም በወቅቱ ይክፈሉ፤ በስተርጅና የሚከማች የግብር ዕዳ ከባድ ነው።

እህት፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ ስለ እህትዎ የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔም እንደ እሷ ነኝና። 61 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ለ26 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለሁለት ወንድሞቼም ገንዘብ ስልክ ቆይቻለሁ። እናንተ ዘንድ የሚታየው የሚደርሰው ገንዘብ ነው፤ እኛም ጡረታ የምንወጣ መሆናችን ግን አይታያችሁም።

እዚህ ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለውን የመንግሥት ጡረታ ክፍያ ለማግኘት 40 የሥራ ነጥብ፣ በተለምዶ 10 ዓመት የሠራ መሆን ይጠይቃል። ሙሉው ክፍያ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የሚጀምረው በ67 ዓመት ነው። በ62 ብጀምር ከሙሉው 70 በመቶ ብቻ ነው የማገኘው፤ ቅናሹም ዕድሜ ልክ አብሮኝ ይኖራል። አገር ቤት ገብቼ ልኑር ብል የጡረታ ገንዘቡ እዚያ ድረስ ሊከተለኝ ይችላል፤ ሜዲኬር የተባለው የሕክምና መድን ግን በኢትዮጵያ ለምታከመው አይከፍልም። በዚህ የተነሳ ጉልበቴ እስከፈቀደ እሠራለሁ፣ ወደ ቤተሰብ የምልከውንም ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እቀንሳለሁ። ለወንድሞቼ ይህን መናገር ከብዶኝ ነበር፤ ባለፈው ፋሲካ ነገርኳቸው። ተከፉ፣ ከዚያ ግን ተረዱኝ።

ስለዚህ የእህትዎን ገንዘብ በወር ገቢዎ ውስጥ አይጻፉት። ደውለው በግልጽ ይነጋገሩ፤ ዕድሜዋን፣ የሥራዋን ሁኔታ፣ የራሷን እቅድ ይጠይቋት። መርዳት የምትችል ከሆነ ደግሞ በየበዓሉ በትንሽ በትንሹ ከምትልክ ይልቅ አንድ ጊዜ ለክፍሉ ቆርቆሮ ወይም ለልጅዎ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ወጪ እንዲሆን ብትልክ ይሻላል። እኔ ለታናሽ ወንድሜ እንዲህ አድርጌ ወፍጮ ተከለበት፤ አሁን ከእኔ ምንም አይጠብቅም።

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእህቴ ደወልኩላት። ለካ ባለፈው ዓመት በጉልበቷ ላይ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሦስት ወር ከሥራ ውጭ ሆና ነበር፤ እንዳንጨነቅ ብላ ደብቃናለች። ከዚህ በኋላ በወርም በበዓልም እንዳትልክ ተስማምተናል። ባለቤቴም ስለ በርበሬው የተጻፈውን ሳነብላት በጣም ነው ደስ ያላት፤ ሚስጥሩን ለዓመታት ስትነግረኝ እንደነበርና እኔ እንዳልሰማኋት አስታወሰችኝ፤ እውነቷን ነው። 45,000 ብር ለዚሁ መድበናል።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። ማህደሬን ስመለከት በአንድ ቅጽ ላይ የትውልድ ዘመኔ ጥቅምት 1959 ተብሎ ተጽፏል፤ የተወለድኩት ግን ጥቅምት 1960 ነው። ይህ ምን ያህል ይጎዳኛል?

የቀድሞ የሰው ሀብት ባለሙያ፦

በጣም ይጎዳዎታል፤ ስለዚህ ቸል አይበሉት። በ1959 ቢቆጠር ጡረታ የሚወጡት ጥቅምት 2019 ይሆናል። አገልግሎትዎ 33 ዓመት፣ መቶኛውም 58.75 ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ 11 ወር በ7,700፣ 11 ወር በ9,400፣ 14 ወር ብቻ በ16,200 ብር ይሆኑና አማካዩ ወደ 11,525 ብር ይወርዳል። አበልዎ 6,771 ብር ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ በየወሩ ወደ 1,800 ብር፣ ዕድሜ ልክዎን። ባለቤትዎ የሚያገኙትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ወሳኙ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ነው። በቅጥርዎ ጊዜ፣ በ1986 የሞሉትን ቅጽ ፈልገው ያግኙ።

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦

አገኘሁት። ከማህደሩ ሥር፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ነበር። በራሴ እጅ ጽሑፍ «ጥቅምት 1960» ይላል፣ ማህተሙም ይነበባል። የተሳሳተው በኋላ ማህደሩ ወደ አዲስ ቅጽ ሲገለበጥ ነው። እርማቱ እንዲደረግ በደብዳቤ አመልክቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ቅጽ ግልባጭ በማህተም አስረግጬ አንዱን ቤት፣ አንዱን ደግሞ ልጄ ዘንድ አስቀምጫለሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት ሰኞ ከባለቤቴ ጋር ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን።